የእናትን ሆድ በድምፅ ያዩ ሐኪም፦ የፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ሕይወትና ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ለእርግዝና ክትትል ሆስፒታል የቀረበች እናት በአልትራሳውንድ ክፍል አልጋ ላይ ስትጋደም፣ ባለሙያው ሆዷን ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ በእጁ የያዘውን አነስተኛ መሣሪያ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። እናቲቱና ቤተሰቧ አብዛኛውን ጊዜ ለማወቅ የሚጓጉት የፅንሱን ደኅንነትና ዕድሜ፣ አንዳንዴም ጾታውን ነው። ባለሙያው ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ እርግዝናው የሚገኘው የት ነው?

ለዚህ ጥያቄ በጊዜው መልስ ባለመገኘቱ በየዘመኑ እናቶች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዛሬ ያለ ቀዶ ጥገናና ያለ ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ማህፀን ማየት የተቻለው የብዙ ሰዎች ድካም ተደምሮ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት የማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኒህን ሰው ሕይወት እየተረከ፣ ሥራቸው ከማህፀን ውጪ ለሚፈጠር እርግዝና፣ በተለይም እምብዛም ለማይታዩት ዓይነቶቹ ምርመራ ያለውን ፋይዳ ለተገልጋዮቻችን ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሐዘን

ኢያን ዶናልድ የተወለዱት ዲሴምበር 27 ቀን 1910 በእንግሊዝ ሀገር ኮርንዎል በተባለው ግዛት ሊስካርድ ከተማ ነው። ከስኮትላንድ ወገን የሆኑት አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ደግሞ የታወቁ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ የሆኑት ኢያን ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ቢጀምሩም፣ የአባታቸው ጤና በመታወኩ ቤተሰቡ ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ።

በዚያም በ1927 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሐዘን ደረሰባቸው። ጉሮሮን እየዘጋ የሚገድለው ዲፍቴሪያ ቤታቸው ገብቶ እናታቸውንና ወንድም እህቶቻቸውን አሳመመ፤ እናታቸውም አረፉ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ አባታቸውም ተከተሏቸው። ኢያን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የሁለቱም ወላጆች አልባ ሆኑ። በኬፕታውን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በ1931 ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1937ም በሐኪምነት ተመረቁ። በዚያው ዓመት ትዳር መሠረቱ፤ በኋላም የአራት ሴቶች ልጆች አባት ሆኑ።

ከጦር ሜዳ የተገኘ ዕውቀት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ወጣቱ ሐኪም በ1942 የብሪታንያ አየር ኃይልን ተቀላቀሉ። በአንድ ወቅት ቦምብ እንደ ጫነ እሳት የተያያዘ አውሮፕላን ውስጥ ዘልቀው የተጎዱ የበረራ አባላትን በማውጣታቸው የጀግንነት ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ለኋለኛው ዘመን የበለጠ የጠቀመው ግን በዚያ ቆይታቸው ከራዳርና ከሶናር ጋር መተዋወቃቸው ነበር።

የሁለቱም መሠረተ ሐሳብ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዓባይ በረሃ አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው የራሱ ድምፅ ከማዶው ገደል ተመልሶ ይሰማዋል፤ ገደል ማሚቶ የምንለው ይኸው ነው። ማዶው ቅርብ ከሆነ ድምፁ ፈጥኖ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ ይመለሳል። ራዳር ይህንኑ በሬዲዮ ሞገድ አውሮፕላንን ለመፈለግ፣ ሶናር ደግሞ በድምፅ ሞገድ ከባሕር ሥር የተደበቀን ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት ይጠቀሙበታል። የሰው ጆሮ የማይሰማው እጅግ ቀጭን ድምፅ ወደ ሰው አካል ቢላክ፣ ከፈሳሽ፣ ከሥጋና ከአጥንት በተለያየ መልክ ተመልሶ የውስጡን ቅርጽ ሊነግር ይችላል የሚለው ሐሳብ በዶናልድ አእምሮ የበቀለው ከዚህ ልምድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ሆስፒታሎች ሲሠሩ፣ መተንፈስ ለተሳናቸው ጨቅላ ሕፃናት የሚያገለግሉ መተንፈሻ መሣሪያዎችን በራሳቸው እጅ እየቀጣጠሉ ሠርተዋል። ለማሽን ያላቸው ፍቅር ባልደረቦቻቸውን አንዳንዴ ቢያስቅም፣ እርሳቸው ግን ሕሙማንን የሚጠቅም መሣሪያ ከየትም ቢመጣ ክብር አለው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆን ዋይልድ የጡት ዕጢን በድምፅ ሞገድ ለመመርመር ያደረጉትን ጥረት የሰሙትም በዚህ ጊዜ ነበር።

ሁለት መኪና ሙሉ ናሙና

ዶናልድ በ1954 በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድና የጽንስ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ግላስጎው በዚያን ዘመን የመርከብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት ብረት በውስጡ የተሰወረ ስንጥቅ እንዳይኖረው በድምፅ ሞገድ ይመረምሩት ነበር። በገበያ ማሰሮ የሚገዛ ሰው በጣቱ ቆርቆር አድርጎ በድምፁ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን እንደሚለይ ሁሉ፣ የብረት መመርመሪያውም በሚመለሰው ድምፅ የውስጡን ጉድለት ያሳያል።

አንዲት ታካሚያቸው ሬንፍሩ በተባለ ስፍራ ከሚገኝ የማሞቂያ ጋን ፋብሪካ ኃላፊዎች የአንዱ ባለቤት ነበሩ። ዶናልድ በዚህ ትውውቅ አማካይነት ጁላይ 21 ቀን 1955 በቀዶ ጥገና የወጡ የማህፀን ዕጢዎችንና ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶችን በሁለት መኪና ጭነው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ፋብሪካው ለማወዳደሪያ አንድ ትልቅ የበሬ ሥጋ አቀረበ። በብረት መመርመሪያው ሲታይ ፈሳሽ የያዘው ከረጢትና ድፍኑ ዕጢ ፈጽሞ የተለያየ ድምፅ መለሱ። ሐኪሙ የፈለጉት መልስ ይህ ነበር።

ወደ ሆስፒታላቸው ተመልሰው አሮጌ የብረት መመርመሪያ አግኝተው መሥራት ጀመሩ፤ መሣሪያው ግን ለሰው አካል የተሠራ ባለመሆኑ ውጤቱ አጥጋቢ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ ቶም ብራውን የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ መሐንዲስ፣ አንድ ፕሮፌሰር የብረት መመርመሪያን በሰው ላይ እንደሚጠቀሙ በአጋጣሚ ሰምቶ ስልክ ደወለላቸው። ወጣቱ መሐንዲስ፣ ፕሮፌሰሩና ጆን ማክቪካር የተባሉት ሐኪም አብረው መሥራት ያዙ። ብራውን ነጠላ የድምፅ ምልክትን ወደ ሙሉ ምስል የሚለውጥ መሣሪያ ቀረጸ። በዚያን ጊዜ ዛሬ ጄል በሚቀባበት ቦታ የሚቀባው የወይራ ዘይት ነበር።

ሞትን የሻረ ምስል

ብዙ ባልደረቦቻቸው በነገሩ አላመኑም። በእጃቸው ዳስሰው ማወቅ የለመዱ ሐኪሞች የዚህ ማሽን ጥቅም ምን እንደሆነ አልታያቸውም ነበር። ጥርጣሬውን ያረገበው የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው። ሆዷ አብጦ፣ ሰውነቷ ከስቶ፣ በሆድ ዕቃዋ ላይ የማይድን ካንሰር እንዳለባት ተነግሮ ነበር። ዶናልድና ባልደረቦቻቸው በመሣሪያቸው ሲመለከቱ ግን ያዩት ዙሪያው በግልጽ የተከበበ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ትልቅ ከረጢት ነበር። በቀዶ ጥገና ሲከፈት ከእንቁላል ማምረቻዋ የበቀለ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሆኖ ተገኘ፤ ወጣላት፤ ዳነችም።

ጁን 7 ቀን 1958 ሦስቱ ሰዎች የሥራቸውን ውጤት ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ጽሑፉ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ታሪክ ከፍተኛ ቦታ ከሚሰጣቸው አንዱ ነው። ጊዜውም የተመቸ ነበር። ነፍሰ ጡሮች በራጅ ሲመረመሩ የሚወለዱት ልጆች ለካንሰር የመጋለጣቸው ዕድል እንደሚጨምር ዶክተር አሊስ ስቱዋርት በ1956 ማመልከት ጀምረው ስለነበር፣ ያለ ጨረር የሚያይ መሣሪያ በእጅጉ ይፈለግ ነበር። ዛሬም በገጠር አልፎ አልፎ አልትራሳውንድ ጨረር ነውና ፅንስ ይጎዳል የሚል ሥጋት ይሰማል። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ ራጅ የሚያመነጨው ዓይነት ጨረር የለውም። ለሕክምና ምክንያት በሠለጠነ ባለሙያ ሲደረግ በእናትም ሆነ በፅንስ ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል አልታየም።

የሞላ ፊኛ ያስገኘው ብርሃን

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው በግልጽ የሚያሳየው የገፋ እርግዝናን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማህፀን ከዳሌ አጥንት ሥር ተሸሽጎ፣ አየር በያዘ አንጀት ተሸፍኖ ስለሚገኝ ድምፁ ሊደርስበት አይችልም። በ1963 ገደማ ዶናልድ የሽንት ፊኛዋ ሞልቶ የቀረበች ታካሚ ማህፀን ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ አስተዋሉ። የሞላው ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ራሱ እንደ መስኮት ሆኖ ድምፁን ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የስድስትና የሰባት ሳምንት እርግዝናን ከረጢት ማየት ተቻለ። ዛሬ በሆድ በኩል ለሚደረግ ምርመራ እናቶች ብዙ ውሃ ጠጥተው ሽንታቸውን እንዲይዙ የሚጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝናን በጊዜ ለማወቅ መንገዱ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። እርግዝናው በማህፀን ውስጥ በቦታው መኖሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታየ ሥጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ካልታየ ደግሞ ፍለጋው ይቀጥላል። ዶናልድ የጀመሩትን ሌሎች አሳደጉት። የእርግዝናን ሆርሞን በደም መለካት በ1970ዎቹ ተስፋፋ፤ በብልት በኩል የሚገባው ቀጭን የአልትራሳውንድ መሣሪያ በ1980ዎቹ በስፋት ሥራ ላይ ዋለ። ይህ መሣሪያ ወደ ማህፀን ቀርቦ ስለሚያይ የአምስት ሳምንት እርግዝናን እንኳ ሊያሳይ ይችላል፤ ለዚህኛው ምርመራ ግን ፊኛ ባዶ መሆን አለበት።

ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና ምንድን ነው?

እንቁላልና የወንድ ዘር የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሲሆን፣ የተፈጠረው ፅንስ በቀናት ውስጥ ተጉዞ በማህፀን ግድግዳ ላይ ይተክላል። ከ100 እርግዝናዎች ከ1 እስከ 2 በሚሆኑት ግን ፅንሱ ሌላ ቦታ ይቀራል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት በቱቦው ውስጥ የሚቀሩ ናቸው። ቱቦው ጠባብና ስስ በመሆኑ እርግዝናው ሲያድግ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሊፈነዳና ደም ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስ ይችላል። እንዲህ ያለው እርግዝና ወደ ማህፀን ሊዛወር አይችልም፤ እናቲቱን ለማዳን በመድኃኒት ወይም በቀዶ ጥገና መቋረጥ ይኖርበታል።

ሕመሙ ጥንታዊ ነው። በአሥረኛው መቶ ዘመን የኮርዶባው ሐኪም አል ዛህራዊ፣ ከአንዲት ሴት የሆድ ቁስል የፅንስ አጥንቶች ሲወጡ አይተው ጽፈዋል። በ1883 ሎውሰን ቴይት የተባሉት ሐኪም በእንግሊዝ በርሚንግሃም የፈነዳ ቱቦን በቀዶ ጥገና አስወግደው እናትን እስካዳኑ ድረስ፣ ደም መፍሰሱ ከጀመረ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች ይሞቱ ነበር። ቴይት የፈነዳውን ማዳን አስተማሩ፤ የዶናልድ መሣሪያ ደግሞ ከመፍንዳቱ በፊት ማየትን አስቻለ።

እምብዛም የማይታዩት ዓይነቶች

በጣም አስቸጋሪዎቹ ከቱቦው ውጪ ወይም በቱቦውና በማህፀን ድንበር ላይ የሚፈጠሩት ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ሌላ ነገር መስለው ስለሚያሳስቱ አደጋቸው ከፍተኛ ነው።

የመጀመሪያው ቱቦው የማህፀንን ጡንቻ አልፎ በሚገባበት ጥግ ላይ የሚፈጠረው ነው። በጥድፊያ ለሚያይ ዓይን በማህፀን ውስጥ ያለ ይመስላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ግን ከረጢቱ ከማህፀን መካከለኛ ክፍል ርቆ ወደ ጎን መቀመጡንና ዙሪያውን የሸፈነው ጡንቻ መሳሳቱን ያስተውላል። ጡንቻው ስለሚለጠጥ እርግዝናው ከሌሎቹ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ሦስተኛውን ወር አልፎ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም የሚፈሰው ደም ብዙ ነው።

ሁለተኛው በማህፀን በር ላይ የሚፈጠረው ነው። በምስል ሲታይ ማህፀኑ ባዶ ሆኖ ከረጢቱ ወደ ታች ይገኛል። በመውረድ ላይ ያለ ውርጃ ተመስሎ ማህፀን ለመጥረግ ቢሞከር ለማቆም የሚያስቸግር ደም ሊያስከትል ይችላል። ሦስተኛው ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና በወለዱ እናቶች ላይ በጠባሳው ውስጥ የሚተከለው ነው። በዚህ ጊዜ በእርግዝናው ከረጢትና በሽንት ፊኛው መካከል የሚቀረው የማህፀን ግድግዳ እጅግ ስስ ሆኖ ይታያል። በቀዶ ጥገና የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በጨመረ መጠን ይህም የሚጨምር በመሆኑ፣ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታየቷ ይጠቅማታል።

አራተኛው በእንቁላል ማምረቻው ላይ የሚፈጠረው ሲሆን፣ በዚያው ስፍራ ከሚገኝ ተራ ውሃ የቋጠረ ከረጢት መለየቱ ያስቸግራል። አምስተኛው በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚፈጠረው ነው። የእንግዴ ልጁ በአንጀት ወይም በሌላ የሆድ ክፍል ላይ ተጣብቆ፣ እርግዝናው አንዳንዴ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ሊዘልቅ ይችላል። እናቲቱ የፅንሱ እንቅስቃሴ ያማታል፤ የፅንሱ አቀማመጥም ያልተለመደ ይሆናል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ፅንሱን የከበበ የማህፀን ጡንቻ አይገኝም፤ ማህፀኑ ለብቻው ባዶ ሆኖ ይታያል። የእንግዴ ልጁ የት እንደ ተጣበቀ ከቀዶ ጥገናው በፊት ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ በሚገኝበት ተቋም ኤም አር አይ የተባለው ምርመራ ያግዛል። በመጨረሻም አንዱ ፅንስ በማህፀን ውስጥ፣ ሌላው ከማህፀን ውጪ በአንድ ጊዜ የሚገኙበት እጅግ ብርቅ ሁኔታ አለ። ስለዚህም ባለሙያ በማህፀን ውስጥ ፅንስ ቢያይም የእናቲቱ ሕመም ከጸና ዳር ዳሩን ሳያይ አይተውም።

ይህ ታሪክ ለምዕራብ ጎጃም ገጠር

ዶናልድ መሣሪያቸውን የፈተሹት ታካሚዎቻቸው በቅርብ በሚገኙበት የፋብሪካ ከተማ ነው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያ፣ በወምበርማ፣ በቋሪትና በሰከላ ወረዳዎች የምትኖር እናት ግን ከሆስፒታል የሚለያት የክረምት ጭቃ፣ የሞላ ወንዝና የእግር መንገድ ነው። ለዚህች እናት ትልቁ ጥያቄ ምስሉ ምን ያህል ይጠራል የሚለው ሳይሆን፣ እርሷ ከመሣሪያው ፊት የምትደርሰው መቼ ነው የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ይህ ለፅንሱ ዕድሜና ጤንነት ጠቃሚ ነው። ከማህፀን ውጪ ያለ እርግዝና ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ከዚያ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ነው። ስለዚህ የሆድ ሕመም ወይም የደም ምልክት ያየች ሴት የክትትል ቀጠሮዋን መጠበቅ የለባትም።

በአካባቢያችን እርግዝናን እስኪገፋ ድረስ መደበቅ የቆየ ልማድ ነው፤ የሰው ዓይን ይፈራል፤ ተናግሮ ቢጨናገፍም ያሳፍራል። የሆድ ቁርጠት ሲመጣም ምች ነው፣ የወር አበባ መዛባት ነው ተብሎ በቤት መድኃኒት ጥቂት ቀናት ያልፋሉ። በእነዚያ ቀናት ግን ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ለባልና ለእናት፣ አለዚያም ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ለተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እርግዝናን በጊዜ መንገር ሕይወት የሚያተርፍ እርምጃ ነው።

በጤና ጣቢያ የሽንት ምርመራ እርግዝና መኖሩን ያረጋግጣል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። እርግዝና መኖሩ ተረጋግጦ ማህፀኑ በአልትራሳውንድ ባዶ ሆኖ ከታየ እናቲቱ ነፃ ናት ማለት አይደለም። እርግዝናው ገና ጥቂት ቀናት የሆነው፣ የወረደ ወይም ከማህፀን ውጪ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ሆስፒታል ተልካ የደም ምርመራና ተደጋጋሚ ምስል ያስፈልጋታል። ከ2009 ጀምሮ በሀገራችን መሠልጠን የጀመሩት የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ከትላልቅ ከተሞች ርቀው በሚገኙ ሆስፒታሎችም የፈነዳ ቱቦን ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ የሚያስችል ሥልጠና አላቸው። ውስብስብ የሆኑት ብርቅ ዓይነቶች ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከፍተኛ ሆስፒታሎች ይላካሉ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፕሮፌሰር ዶናልድ ይህን ሁሉ የሠሩት በጤና አልነበረም። ልባቸው ታማሚ ነበረች፤ ከባድ የልብ ቀዶ ጥገና ሦስት ጊዜ ተደርጎላቸዋል። ከአልጋ በተነሱ ቁጥር ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። በ1964 በግላስጎው የተከፈተው ኩዊን ማዘርስ የእናቶች ሆስፒታል ሲቋቋም ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው፤ ሆስፒታሉም የአልትራሳውንድ ሥልጠና ማዕከል ሆነ። በ1976 ጡረታ ወጡ፤ ጁን 19 ቀን 1987 በእንግሊዝ ኤሴክስ ግዛት በሰባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። የመጀመሪያው መሣሪያቸው ከአልጋ በላይ የሚንጠለጠል ከባድ ማሽን ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጁ በአንዲት ቦርሳ ተይዞ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይጓዛል።

ለተገልጋዮቻችን

የወር አበባዋ የቀረባት ወይም እርግዝናዋን ያወቀች ሴት ከሚከተሉት አንዱን ካየች ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትምጣ፦

- በታችኛው የሆድ ክፍል፣ በተለይ በአንድ ወገን የጸና ሕመም፤
- ከወትሮው የተለየ፣ ጥቂትም ቢሆን ከብልት የሚወጣ ደም፤
- የትከሻ ጫፍ ሕመም፤
- ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የፊት መገርጣት።

ቀደም ሲል ከማህፀን ውጪ እርግዝና ያጋጠማት፣ የማህፀን ወይም የአባላዘር ኢንፌክሽን የነበረባት፣ በቱቦዋ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላት፣ በማህፀን የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ (ሉፕ) እያለ ያረገዘች፣ ወይም በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ምልክት ሳትጠብቅ ለባለሙያ ትንገር። ከማህፀን ውጪ እርግዝና ከሚያጋጥማቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ምንም የታወቀ አጋላጭ ምክንያት የሌላቸው በመሆኑ ሌሎችም ሊዘናጉ አይገባም። ወደ ሐኪም ስትቀርቡ የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን፣ የቀድሞ ወሊድና ቀዶ ጥገና፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ሳትደብቁ ተናገሩ። ራሷን ለሳተች ወይም ሕመም ለጸናባት እናት አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የየወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥርም ከጤና ኬላችሁ አስቀድማችሁ ያዙ።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ባሎች፣ እናቶች፣ አማቶችና ጎረቤቶች ሁሉ ይህን አውቃችሁ፣ ሆዷን ያመማት ወጣት ሚስት እስኪነጋ ወይም ገበያው እስኪያልፍ ትታገሥ ሳትሉ እንድታደርሷት በአክብሮት እናሳስባለን። መሣሪያው ማየት የሚችለው በጊዜ የደረሰችለትን እናት ነው።